መሪ ለምን ይንቀጠቀጣል? ስለ ጎማ ሚዛን አጭር ማብራሪያ

በሐጅ ዩሱፍ የኖርን ስደተኞች «በንሸር» የሚለውን ቃል ሳንሰማ የዋልንበት ቀን አልነበረም። አገር ቤት ጎሚስታ የምንለው ነው። በሱቅ ሲታ ዙሪያም ሆነ ወደ ኮበርና ወደ መንሺያ ድልድይ በሚወስዱት ጎዳናዎች ዳር፣ አንድ የነፋስ መሙያ፣ አንድ ክሪክና የተቆለለ አሮጌ ጎማ ያለበት ዳስ ሁሉ በንሸር ነበር። ከወጣቶቻችን ጥቂት የማይባሉት የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ሌሎችም አምጃድ፣ ሐይስና አክሰንት እየነዱ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲነሳ ሥራውም ሰዉም ተበተነ፤ ሙያው ግን አብሮን ወጣ።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ከዚያ ሙያ አንዱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም መኪና ፍጥነት ሲጨምር መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበትን ምክንያትና መፍትሔውን። «እኛ መኪና የለን፤ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን የለንም። ነገር ግን ከካርቱም ገዳሪፍ 400 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ገላባትና መተማ ድረስ፣ ከአቅሙ በላይ በተጫነ መኪና ውስጥ ልጅ ታቅፈን የምንጓዘው እኛው ነን። ወንበሩ ከሥራችን ሲንቀጠቀጥ ዝም ማለት የሚገባንንና «አቁም!» ማለት የሚገባንን መለየት ለተሳፋሪም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ጎማና ቸርኬ ሲሠሩ ፍጹም እኩል ክብደት በዙሪያቸው አይኖራቸውም። በአንድ በኩል ጎማው ትንሽ ይወፍራል፣ በሌላ በኩል የነፋስ መሙያው ቫልቭ አለ፣ በሦስተኛው በኩል ውስጡ የተለጠፈ ጥገና አለ። ልዩነቱ በእጅ ሲያዝ አይታወቅም። ሲሽከረከር ግን ይለወጣል። ማሽላ የጠበቀ ሰው ወንጭፍን ያውቃል፦ ድንጋዩ በመዳፍ ላይ ቀላል ነው፣ ገመዱን ሲያዞሩት ግን ክንድን ይጎትታል፤ ባፈጠኑት መጠንም ጉተታው ይበረታል። ከጎማው በአንዱ በኩል ያለው ትርፍ ክብደትም እንዲሁ ወንጭፍ ላይ እንዳለ ድንጋይ ነው።

በቁጥር እንየው። ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ያለው አንድ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ሲሄድ ጎማው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 50 ግራም ትርፍ ቢኖር፣ በዚህ ፍጥነት ከ7 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጪ ይጎትታል፤ ያውም አቅጣጫውን እየለዋወጠ፣ በሴኮንድ 15 ጊዜ። በ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት ግን ያው 50 ግራም የሚጎትተው 2 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ትምህርት ስለ ክብ እንቅስቃሴ ያለውን ምዕራፍ ምን ያደርጋል ብለው ሲጠይቁን ከምንሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

በሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ውስጡን በአሸዋው መንገድ የሚመላለስ አምጃድ ጎማው ሚዛን ቢያጣም ሾፌሩ ለወራት ላያውቀው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚገለጠው አስፋልት ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ 80 ገደማ ሲደርስ ነው። ከ90 እስከ 110 ባለው ይብሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሲነዳ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ጎማውን የተሸከሙት ሞላዎችና ክንዶች ራሳቸው የሚወዛወዙበት የተፈጥሮ ፍጥነት ስላላቸው ነው፤ የጎማው ምት ከዚያ ጋር ሲገጥም ዥዋዥዌን በጊዜው እንደመግፋት ይሆናል። አንዳንድ ሾፌር «120 ስነዳው ይተወኛል» እያለ መድኃኒቱን በፍጥነት ይፈልጋል። ኃይሉ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ኩሽኔታውንና የመሪውን መገጣጠሚያዎች እየበላ ነው።

ሚዛን ማጣት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባዱ ቦታ በጎማው ስፋት መካከል ላይ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። ሁለተኛው ደግሞ ትርፉ በውስጠኛው ወይም በውጪኛው ጠርዝ ሲሆን ነው፤ ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል፣ መሪውንም ይዞ ይወዘውዛል። ጎማው ሰፊ በሆነ ቁጥር ሁለተኛው ይከፋል። የስፖርት መኪና ላይ ነገሩ የሚጎላውም ለዚህ ነው፦ ጎማው ሰፊ፣ የጎማው ግድግዳ አጭር፣ ሞላው ደረቅ፣ መሪው ደግሞ የመንገዱን ስሜት ለእጅ እንዲያደርስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ በአምጃድ ላይ የማይሰማ 10 ግራም እዚያ ላይ ይሰማል።

የስፖርት መኪና በሐጅ ዩሱፍ እምብዛም አይታይም ነበር፤ የስፖርት መኪና የመምሰል ፍላጎት ግን በሽ ነበር። ወጣቶች በአክሰንት ላይ የሚያብረቀርቅ ሰፊ የአልሙኒየም ቸርኬ ያስገጥሙና፣ በማግስቱ መሪው ሲንቀጠቀጥ ለሚዛን ይመለሳሉ። ሚዛን ይሠራላቸዋል፤ መንቀጥቀጡ ግን አይለቅም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቸርኬው የመካከል ቀዳዳ ከመኪናው ሞዞ ሰፍቶ መገኘቱ ነው። ቸርኬው በሞዞው ላይ ልክ ካልተቀመጠ በሚዛን መኪናው ላይ ትክክል የነበረው ጎማ በመኪናው ላይ ከመሐል ወጥቶ ይዞራል። መፍትሔውም ተጨማሪ እርሳስ ሳይሆን፣ ትርፍ ክፍተቱን የሚሞላ በልክ የተሠራ ቀለበት ነው። ይህን ሳይነግሩ ደጋግመው ለሚዛን የሚያስከፍሉ ቤቶች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ፤ ምክንያቱም የሚንቀጠቀጥ ሁሉ የሚዛን ችግር አይደለም። መሪው ላይ ከተሰማ በብዛት ከፊት ጎማዎች ነው፤ ከወንበሩና ከወለሉ ከመጣ ከኋላ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ተጣሟል፣ ጎማውን አትንኩት። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ወይም ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚበላ ከሆነ አላይመንት ነው የሚፈልገው። ለብዙ ወራት ቆሞ የቆየ መኪና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ ከተወው፣ የቆመበት የጎማ ክፍል ጠፍጥፎ ነበር ማለት ነው፤ ካልተወው ጎማው በዚያው ቀርቷል።

ገንዘብ ሳያወጡ የሚደረግ አንድ ጥሩ ፈተና አለ። የፊት ሁለቱን ጎማዎች ከኋላ ሁለቱ ጋር ያለዋውጡና በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይንዱ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ ወንበር ከሄደ ጥፋቱ ከጎማው ወይም ከቸርኬው ነው። መሪው ላይ እንዳለ ከቀረ ግን ከመሪው መገጣጠሚያ ወይም ከኩሽኔታ ነው።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው እዚህ ላይ ነው። ሚዛን ያጣ ጎማ በዝግታ ሲሄዱ አይንቀጠቀጥም። በ20 እና በ30 ኪ.ሜ. ፍጥነት ጭምር የሚያወላውል፣ ወይም በጉዞ መሐል ድንገት የጀመረ መንቀጥቀጥ ሌላ ነገር ነው፦ የላላ ዳዶ፣ ያበጠ ጎማ፣ ያለቀ ኩሽኔታ። ያን ጊዜ ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ መቆም እንጂ «እስከ ሚቀጥለው ከተማ» ማለት የለም። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፤ ከላላ ኩሽኔታው ወይም ክንዱን የሚይዘው ኳስ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቁት ከላላ ደግሞ የመሪው ዘንግ ጫፍ ነው። ጎማውንም በእጅ እየዳሰሱ በጎኑ ላይ እብጠት መኖሩን ማየት። እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ወይም ክር ተበጥሷል፤ ሊጠገን አይችልም።

የጎማ ዕድሜም መታየት አለበት። በጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያሉ። 2314 የሚል ካዩ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርሰው የካርቱም ሙቀት ላስቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ ጥርሱ አዲስ የሚመስል አሮጌ ጎማ ሐራራ ላይ ከሚፈነዱት አንዱ ነው። ያገለገለ ጎማ ገዝቶ ሚዛን ማሠራት ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሚዛኑ እንዴት ይሠራል? ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። ሱዳኖች ሥራውን «ተርሲስ» ይሉታል፤ ቃሉ «ረሳስ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ እሱም የእኛው እርሳስ ነው። «ሚዛን»ማ ለሁለቱም አንድ ነው። አዲስ አበባ «ባላንስ» የሚባለውም ይኸው ነው።

ጎማው ተፈትቶ በመጀመሪያ ይታጠባል። ብዙ ቤቶች የሚዘሉት ይህን ነው፤ በክረምት ግን ዋናው ነገር ይህ ነው። የሐጅ ዩሱፍ መንገዶች በዝናብ ሲጨቀዩ ጭቃው በቸርኬው የውስጥ ጎን ተለጥፎ ይደርቃል፤ ክብደቱም ከማንኛውም የፋብሪካ ስህተት ሊበልጥ ይችላል። በጭቃ የተሠራ ሚዛን ጭቃው በረገፈ ዕለት ይጠፋል። እንዲያውም መሪው ከዝናብ በኋላ ብቻ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ ባልዲ ውሃና ብሩሽ በቂ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አሮጌዎቹ እርሳሶች በሙሉ ይነሣሉ፣ ነፋሱ ይስተካከላል፣ ጎማው በማሽኑ ዘንግ ላይ ልክ መሐሉን ይዞ ይታሠራል። ማሽኑ አሽከርክሮ በውስጥና በውጪ ጠርዝ ስንት ግራም የት ቦታ እንደሚጎድል ይጽፋል። ክብደቶቹ በ5 ግራም ልዩነት የተሠሩ ሲሆን፣ ለብረት ቸርኬ በመዶሻ የሚመቱ፣ ለአልሙኒየም የሚለጠፉ አሉ። ከተመቱ በኋላ ጎማው እንደገና ዞሮ በሁለቱም ወገን ዜሮ ሊነበብ ይገባል። ደንበኛው ይህን ሁለተኛ ንባብ በዓይኑ ሳያይ ባይከፍል መልካም ነው። አንድ ጎማ ከ100 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ መደርደሩን ትቶ ጎማውን በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ መሞከር ይሻላል። በአዲስ ጎማ ላይ የምትታየው ቢጫ ነጥብ ቀላሉን ቦታ ታመለክታለች፤ ከቫልቩ ጋር ትገጥም። ለጥገና ሲፈታም ጎማውና ቸርኬው የገጠሙበትን በጠመኔ ምልክት ማድረግ የቀድሞውን ሚዛን ለማቆየት ይረዳል።

ማሽን በሌለበትስ? በመጠለያና በገጠር ከተማ ያለው ወጣት የሚጠይቀን ይህን ነው። የሐይስና የአምጃድ የፊት ጎማዎች ከሞተር ጋር ስላልተያያዙ በክሪክ ሲነሡ በነፃ ይዞራሉ። ፍሬኑ የማይዝ መሆኑ ይረጋገጥና ጎማው ቀስ ብሎ ዞሮ ራሱ እስኪቆም ይተዋል። ከባዱ ቦታ ወደ ታች ይመጣል። ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ እዚያው ከቆመ፣ በትይዩው ከላይ ትንሽ እርሳስ ይደረጋል፤ ጎማው በየትም ቦታ ዝም ብሎ እስኪቆም ድረስ ክብደቱ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የፊት ጎማዎቹ በሞተር ለሚዞሩ እንደ ኮሮላና አክሰንት ላሉት መኪናዎች ጎማውን ወስዶ በኋላ ሞዞ ላይ አስሮ መሥራት ይቻላል። በዚያውም ቀጥ ያለ እንጨት ከጎማው ፊት አቁሞ ማዞር ነው፤ በጎማውና በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ጎማው ወይም ቸርኬው ክብ አይደለም፤ ሚዛን ደግሞ ክብነትን አይመልስም። ይህ የእጅ ዘዴ የሚያስተካክለው የመዝለሉን ዓይነት ብቻ ነው። መንገዳገዱን ማሽን ብቻ ያነበዋል።

ስለ እርሳስ አንድ ማሳሰቢያ ሳንጽፍ አናልፍም። ከባትሪ ወይም ከአሮጌ ክብደት እርሳስ በቆርቆሮ እያቀለጡ ክብደት የሚያበጁ አሉ። ጭሱና ብናኙ መርዝ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ በእርጉዝ ሴት በኩልም ወደ ፅንስ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የእርሳስ ክብደት ከልክሎ ወደ ዚንክና ብረት የዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ምግብ በሚበስልበት ከሰል ላይ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ አይቅለጥ። ክብደቱን የነካ እጅ እንጀራ ከመቁረሱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

በመጨረሻ ጎማው ሲመለስ ዳዶዎቹ በዙር ተከትለው አይጠብቁም። አንዱን ካጠበቁ በኋላ ወደ ትይዩው መሻገር፣ በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በግማሽ ኃይል፣ መኪናው መሬት ሲነካ ደግሞ በሙሉ። ለኮሮላ ዓይነት መኪና ልኩ በ1 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ነው፤ በመፍቻው ላይ በሁለት እግር ቆሞ መዝለል ቡሎኑን ይስባል። ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ. ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። ከካርቱም ለሚወጣ መኪና ይህ ማለት ወድ መደኒ ሳይደርስ ነው፤ ተሳፋሪዎች ሾፌሩ በመንገድ ዳር ቆሞ መፍቻ ሲያወጣ ካያችሁ አታጣድፉት።