የአሮጌ መኪና የጎማ ነፋስ ልክ

የጎማ ነፋስ ልክ በጎማ ውስጥ የተሞላው አየር ሊኖረው የሚገባው ግፊት ነው። በፒኤስአይ፣ በባር ወይም በኪሎፓስካል ይለካል፤ 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ወይም 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው።

ልኩን የሚወስነው የመኪናው አምራች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር መቃን ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ይገኛል። በጎማው ጎን የሚነበበው የግፊት ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለመኪናው የሚስማማው ልክ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

በአሮጌ መኪና ላይ ጽሑፉ ተልጦ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። ያኔ ጎሚስታው ለአራቱም ጎማ እኩል ቢሞላ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አያስኬድም። ለምሳሌ የድሮው ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኞቹ የበለጠ ነፋስ ይፈልጋሉ፤ ለፊተኞቹ የታዘዘውም ከ20 ፒኤስአይ በታች ነበር። ሌላው ምልክት የጎማው አበላል ነው፦ ሁለቱ ዳር ካለቀ ነፋሱ አንሷል፣ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል።

ነፋስ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይግላል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ሙቀቱ እየተጠራቀመ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ መኪናው ከመነሳቱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይወሰዳል። በጉዞ የጋለ ጎማ ግፊቱ ቢጨምር አይተነፈስም፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳልና።

ከቃሊቲ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ መኪና ከፍታውም ለውጥ ያመጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው 3 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ባሳየ ነበር። ሆኖም የቆላው ሙቀት በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚጨምር ሁለቱ በአብዛኛው ይካካሳሉ።

የነፋሱ ልክ ትክክል ቢሆንም ያረጀ ጎማን አያድስም። በጎማው ጎን ከሚታተሙት ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች አንዱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ 2314 ማለት እ.ኤ.አ. የ2014 23ኛ ሳምንት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2014 ዓ.ም. ብሎ የሚያነበው ሰው 8 ዓመት ገደማ አሳንሶ ይገምተዋል።