የሐኪሞች እጅና የአራሶች ሞት



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የዛሬው ንግግራችን በሳይንስ ዓለም የቆየ አስተሳሰብ እንዴት እንደሚገለበጥ ይገልጻል። እስቲ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንስማ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኦስትሪያ አገር፣ በቪየና ከተማ በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ያዋልዳሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች። በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች 11 ያህሉ ሞቱ። በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ግን 3 እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቹን የገደለው የአራስ ትኩሳት ነበር።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታው ከተበላሸ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ታዲያ አየሩ አንድ ከሆነ፣ ሞቱ ለምን ተለያየ? የቆየው እምነት መልስ አልነበረውም።

ዜመልቫይስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ወጣት ሐኪም ግን ጥያቄውን አልተወውም። በ1847 አንድ ሐኪም ጓደኛው ሬሳ ሲመረመር ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። ሕመሙ የአራሶቹን ይመስል ነበር። ዜመልቫይስ ነገሩ ገባው። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ይቆዩና በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዱ ነበር። አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም።

ስለዚህ እንደ በረኪና ባለ የክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 ከ100 እናቶች የሚሞቱት ወደ 1 ገደማ ወረዱ።

ታዲያ ሁሉም አመነው? የለም። «ገዳዩ የእኛው እጅ ነው» ብሎ መቀበል ለታላላቆቹ ሐኪሞች ከበዳቸው። ዜመልቫይስም እጅ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ማሳየት አልቻለም። ብዙዎች ሳይቀበሉት በ1865 ሞተ። በ1879 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳት የሚያመጣውን ጀርም ለይቶ አሳየ። ያን ጊዜ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ።

እንግዲህ አስተሳሰብ የሚለወጠው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቆየው እምነት የማይመልሰው ጥያቄ ይመጣል። ቀጥሎ ጥያቄውን የማይተው ሰው ይነሣል፤ ሐሳቡንም በሥራ ይፈትነዋል። በመጨረሻ ምክንያቱ ሲታወቅ ሌላው ይከተላል። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ እናቶች አለቁ።

ወላድ የምትረዱ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ደኅና ሁኑ።