«ገና ነው» ለምትል ነፍስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ሰበታ ከመድረሱ በፊት ዓለም ገናን ያገኛል። በዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና ይታጠፋል። የከተማዋ ስም እንዴት እንደ ወጣ መመርመር የታሪክ ሰዎች ፈንታ ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ለነፍሳችን ትምህርት እንውሰደው።

«ገና» በጽሕፈት አንድ ሲሆን በንባብ ሁለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የመድኃኒታችን የልደቱ በዓል ነው። የሰው ልጅ የላላውን ገና ይወዳል። በልጅነቱ «ገና ልጅ ነኝ» ይላል፤ በጎልማሳነቱ «ገና ቤቴን አላቆምሁም» ይላል፤ ሲሸመግልም «ገና ጤነኛ ነኝ» ይላል። ሞት ግን ይህን ቃል አይሰማም።

ሐዋርያው ያዕቆብ ሕይወታችንን ጥቂት ታይቶ በሚጠፋ እንፋሎት መስሎ አስተምሮናል። የዓለም ገና ሰው ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በማለዳ የወጨጫን ተራራ የሸፈነው ጉም ፀሐይ ሲበረታ ወዴት እንደ ገባ አይታወቅም። መዝሙረኛው ለሰው ሰባ ዓመት ቢቈጥርለት፥ በየቀኑ ስምንት ሰዓት የሚተኛ ሰው ሃያ ሦስቱን ዓመት በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። የቀረውም ቢሆን ዋስትና የለውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ የ157 ሰዎች ሕይወት አልፏል። ሁሉም የነገ ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ዘመናችን አጭር ከሆነ፥ የተቀበልነውን እምነት ለሌላው ማካፈል ለነገ የሚተው ሥራ አይደለም። ለዚህ ምስክሩ የገዛ አገራችን ታሪክ ነው። የሕንደኬ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ዲያቆኑ ፊልጶስ ወደ እርሱ ሮጠ። መሮጡን ልብ በሉ! ሠረገላ የሚያልፍ ነገር ነውና፥ ፊልጶስ «ገና ነው» ቢል ኖሮ ጃንደረባው ያልተረጐሙለትን መጽሐፍ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ባለፈ ነበር። ጃንደረባውም ካመነ በኋላ አልዘገየም፤ ውኃ ባየበት ስፍራ ጥምቀትን ለመነ።

«እኔ ካህን አይደለሁም፤ ምን አስተምራለሁ?» የሚል ቢኖር ፍሬምናጦስን ይመልከት። በአራተኛው መቶ ዓመት ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ገና በልጅነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባ እንግዳ ነበር። የክህነት ማዕርግ ሳይኖረው፥ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ ለጸሎት ይሰበስባቸው ነበር። በነጻ ሲሰናበት ወንድሙ ወደ አገሩ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ እርሱ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክለት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል ሰው አላገኘምና እርሱኑ ሾሞ ላከው። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን። የሚችለውን ሳይሠራ አልቀረም፤ የማይችለውንም ያለ ሥልጣን አልደፈረም፤ ከቤተ ክርስቲያን ለመነ እንጂ። የምእመን ሥርዓቱ ይህ ነው።

በቅርቡም ዘመን አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ በጵጵስና የቈዩት ሰባት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ለወራሪው እንዲገዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም እንዳይገዛ መከሩ። የዘመን ማጠር ምስክርነትን አያሳንስም፤ ማዘግየት ግን ያጠፋዋል።

እኛስ ምን እናድርግ? ወንድሜ ሆይ፥ ዛሬ በሰበታና በዓለም ገና ፋብሪካዎች ለመሥራት ከገጠር የመጣ ወጣት ምናልባት በአጠገብህ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ አጥቢያውን አያውቅም፤ የንስሐ አባትም የለውም። ስለ እምነት ከመከራከርህ በፊት «በዚህ እሑድ አብረን እናስቀድስ» በለው። እኅቴ ሆይ፥ ልጅሽ በየቀኑ ያማትባል፤ የሚያማትብበትን ምሥጢር ግን ነግረሽዋልን? ማታ እራት ከተበላ በኋላ አንድ ነገር ንገሪው። ከዘመድህ ጋር ተጣልተህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ታረቅ፤ ያልታረቀ ሰው የሚሰብከው ፍቅር አይሰማም። የሌላውንም እምነት በመንቀፍ አትጀምር፤ በትሕትናና በምግባርህ አስረዳ እንጂ።

የልደቱን የምሥራች በሌሊት የሰሙት እረኞች መንጋቸውን ምክንያት አላደረጉም፤ ፈጥነው ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ፤ ያዩትንም ለሰው ነገሩ። ጠብቆ የሚነበበውን ገና ያወቀ ሰው ላልቶ የሚነበበውን ገና ይተዋል።

የዕድሜያችንን ማጠር አውቀን፥ በቀረልን ዘመን እንድንመሰክር አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።