ስለ ሕፃናት ዕድገት የተጻፈ ጥናት ለሊቃውንት መጽሔት ስለ ማዘጋጀትና ስለ ማቅረብ

በአገራችን የሕፃናትን አስተዳደግ የሚመለከት ብዙ የጥናት ቁም ነገር ተሰብስቧል። እናት ልጇን እንዴት እንደምታዝል፥ ሕፃኑ ጡት በስንት ጊዜው እንደሚተው፥ እረኝነት በስንት ዓመቱ እንደሚጀምር፥ በሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚቆም የሚናገሩ ማስታወሻዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከነዚህ መካከል የሕፃናትን ዕድገት ብቻ ለሚመረምሩት ዓለም አቀፍ መጽሔቶች የበቃው ግን ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ለዚህ ዋናው ምክንያት የተሰበሰበው ነገር ደካማነት አይደለም። ጸሐፊው ስለ የትኛው ሕፃን፥ በስንት ዓመቱና በምን መለኪያ እንደሚናገር በልኩ ሳይገልጥ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በይበልጥ ይህንኑ የሚመለከት ይሆናል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጸሐፊዎችን ክብር ብቻ የሚነካ አይደለም። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ጄፍሪ አርኔት በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የሚያሳትማቸው ስድስት መጽሔቶች ከ2003 እስከ 2007 ያወጧቸውን ጥናቶች መርምረው ነበር። ከጥናቶቹ ናሙናዎች ከመቶ 96ቱ ከምዕራባውያን የኢንዱስትሪ አገሮች የተወሰዱ ሆነው አገኟቸው፤ እነዚሁ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 12 ያህሉን ብቻ የያዙ ናቸው። ከስድስቱም አንዱ የሕፃናትንና የወጣቶችን ዕድገት የሚመለከተው «ዴቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂ» ነው። እንግዲህ በመማሪያ መጻሕፍት «ሕፃን በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያደርጋል» ተብሎ ሲጻፍ፥ ያ ሕፃን በአብዛኛው የጥቂት አገሮች ሕፃን ነው። በእርሱ ልክ የተሠራ መፈተኛ ወደ እኛ አገር መጥቶ የኛን ልጅ «ዘገየ» ወይም «ቀደመ» ሲያሰኝ፥ ፍርዱን የሚያርመው በዚያው መስክ የታተመ ሌላ ጥናት ብቻ ነው።

የባሕል ጥናት ልማድ ለዚህ የማይመች ነው የሚሉ አሉ። የሜሪ ኤንስወርዝ ሥራ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። እኚህ ሊቅ በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አጠገብ በሚገኙ የጋንዳ መንደሮች 26 እናቶችንና 28 ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄዱ በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ያህል ይመለከቱ ነበር። በ1967 «ሕፃንነት በኡጋንዳ» በሚል ርእስ ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ሕፃን ከእናቱ ጋራ ስለሚተሳሰርበት መንገድ በኋላ በዓለም ሁሉ ለተሠራው ጥናት አንዱ መሠረት ሆነ። ቍጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሕፃን በምን ዕድሜው ምን እንዳደረገ፥ ማን አጠገቡ እንደ ነበረ ተለይቶ ተጽፏል።

ጸሐፊው መጀመሪያ የሚመርጠው መጽሔቱን ነው። «ቻይልድ ዴቨሎፕመንት» ከ1930 ጀምሮ የሚታተም፥ በዓመት ስድስት ጊዜ የሚወጣ መጽሔት ሲሆን ባለቤቱ በ1933 የተቋቋመው «ሶሳይቲ ፎር ሪሰርች ኢን ቻይልድ ዴቨሎፕመንት» የተባለው ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር ረዘም ላሉ ጥናቶች «ሞኖግራፍስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ያወጣል። ባሕልን ከባሕል ለሚያነጻጽር ከ1970 ጀምሮ የሚወጣው «ጆርናል ኦቭ ክሮስ ካልቸራል ሳይኮሎጂ»፥ ትረካው ለሚበዛበት የባሕል ጥናት ደግሞ «ኢቶስ» ይስማማል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቁም። የባሕል አጥኚ «በእገሌ ወረዳ የልጆች አስተዳደግ» ብሎ ሲጽፍ መላውን ሥርዐት ማሳየቱ ነው። የዕድገት መጽሔት ግን «ከዕድሜ ጋራ የሚለወጠው ምንድን ነው፥ ስለ ምንስ ይለወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ያው የእረኝነት ማስታወሻ፥ «ከብት መጠበቅ የጀመሩ የሰባት ዓመት ልጆች ገና ካልጀመሩት እኩዮቻቸው ይልቅ የቦታን አቀማመጥ ያስታውሳሉን?» ወደሚል ጥያቄ ካልተመለሰ፥ ጽሑፉ ለገምጋሚ ሳይደርስ በዋናው አዘጋጅ እጅ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው የሕፃናቱ ማንነት ነው። «ኢትዮጵያውያን ሕፃናት» ማለት ከጎንደር ከተማ ነጋዴ ልጅ እስከ ቦረና አርብቶ አደር ልጅ ድረስ የሚጠቀልል ስለ ሆነ ምንም አይገልጥም። ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር ራሱ ደራሲዎች የሕፃናቱን ማኅበራዊና ባሕላዊ ሁኔታ በዝርዝር እንዲገልጡ ደንብ አውጥቷል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሃይማኖት፥ የቤተ ሰቡ መተዳደሪያ፥ በአንድ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ብዛት፥ ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት ርቀት፥ ጥናቱ የተሠራበት ወርና ዓመት ይጻፉ። ወሩን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም፤ በነሐሴ የተመዘነ የገጠር ሕፃንና በጥር የተመዘነ ሕፃን በሚበሉት እንኳ አንድ አይደሉም። ስንቶች ተጠይቀው ስንቶች እምቢ እንዳሉም ሊታወቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የዕድሜ ነገር ነው። በዚህ መስክ ዕድሜ የሚጻፈው በወር፥ ለጨቅላዎች ደግሞ በቀን ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱትን፥ ከዚያም ወዲህ ያልተመዘገቡትን ዕድሜ አጥኚው ራሱ መርምሮ ማግኘት አለበት። «ሦስት ዓመቱ ነው» የሚል መልስ ሦስት ዓመት የሞላውንም፥ ሦስተኛውን የጀመረውንም ሊያመለክት ይችላል። ወራትም ቢቆጠሩ ጳጉሜን ታሳስታለች። መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ቢታይ ዕድሜው በመጽሔቱ አቆጣጠር 24 ወር ከአንድ ቀን ነው፤ ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ከተቆጠረች ግን 26 ይሆናል። ቃላትን በመሰብሰብ ላይ ላለ ሕፃን ሁለት ወር ብዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን አስቀድሞ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሶ፥ ዕድሜውን ከዚያ በኋላ ማስላት ይሻላል።

ቀኑ ከናካቴው በማይታወቅበት ጊዜ ባሕሉ ራሱ ይረዳል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፥ ብዙ እናቶች ልደቱን ባያስታውሱ ክርስትናውን ያስታውሳሉ። ከጳጉሜን በቀር ወራቱ ሁሉ ባለ 30 ቀን በመሆናቸው ወደ ኋላ መቁጠሩ ቀላል ነው። መጋቢት 30 ቀን ክርስትና የተነሣች ልጅ 80 ቀን ሲቀነስላት ልደቷ ጥር 10 ይሆናል፤ የተወለደችበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ከተቆጠረ ግን ጥር 11 ላይ ይውላል። እናቲቱ «ለከተራ ነው» ወይም «ታቦት የወጣ ዕለት ነው» ብትል ጥርጣሬው ይቃለላል። በሙስሊሞች ዘንድ የስም ማውጣቱ ሰባተኛ ቀን ተመሳሳይ ምልክት ይሆናል። እርግጥ ድግሱ ስላልደረሰ ወይም ክርስትና አባቱ ከሩቅ ስላልመጣ ቀኑ የሚተላለፍበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ዘዴ በጽሑፉ ውስጥ በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር ቢገለጥ አያሳፍርም፤ የገምጋሚውን እምነት የሚያሳጣው ዕድሜው ከየት እንደ መጣ ሳይነገር በነጥብ እስከ ዐሥረኛ ክፍልፋይ ተጽፎ ሲገኝ ነው።

ቀጥሎ የመለኪያው ጉዳይ ነው። ሣራ ሃርክነስና ቻርልስ ሱፐር በኬንያ ኮክዌት በተባለ የኪፕሲጊስ መንደር ሲያጠኑ፥ በቤት ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁና ሥራ የሚታመኑ ልጆች በመፈተኛ ጊዜ ለአዋቂ ታሪክ መልሰህ ተናገር ሲባሉ ብዙዎቹ ዝም አሉ። በዚያ ኅብረተሰብ ከልጅ የሚጠበቀው ታላቁ የሚለውን ሰምቶ መፈጸም እንጂ በፊቱ ማውራት አልነበረም። ሁለቱ ሊቃውንት በ1977 ያሳተሙት ጽሑፍ ርእስ ራሱ የአፍሪካ ልጆችን መፈተን ስለ ምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። በእኛም ዘንድ ዐይኑን ሰብሮ በለሆሳስ የሚመልስ ልጅ «ጨዋ» ይባላል፤ በመፈተኛው ቅጽ ላይ ግን «አልመለሰም» ተብሎ ዜሮ ይሞላበታል። እንግዲህ ፈታኙ ማን እንደ ነበረ፥ ከልጁ ጋራ ስንት ጊዜ እንደ ተገናኘ፥ ወላጅ አጠገብ ነበረ ወይ የሚለው ሁሉ የውጤቱ ክፍል ስለ ሆነ ይጻፍ።

መጠይቅ ሲተረጐምም እንዲሁ ነው። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ያስፋፉት፥ አንዱ ከተረጐመው በኋላ ሌላው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው የሚያደርገው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ዘዴው መልካም ቢሆንም የሚመልሰው ሰው ብልኅ ከሆነ የጠፋውን ትርጕም በግምት ስለሚጠግነው ስሕተቱ ተሸፍኖ ያልፋል። «ጨዋ» የሚለው ቃል ብቻ እንኳ በደንብ ያደገ፥ ካህን ያልሆነ፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ የሚባልበት ስለ ሆነ፥ ጠያቂው የትኛውን ትርጕም እንደ ያዘ ከወላጆች ጋራ ተነጋግሮ መረዳት አለበት። ዐማርኛ ደግሞ አንተንና አንቺን ስለሚለይ ለወንድና ለሴት ልጅ የቀረበው ጥያቄ በቃሉ አንድ ሊሆን አይችልም። ይህንን የውጭ አገር አንባቢ በራሱ አያውቀውምና ይነገረው።

በባሕል ጥናት ልማድ የነገረንን ሰው በስሙ መጥራት ክብር ነው። በሕፃናት ጥናት ግን የልጁ ስም አይጻፍም፤ መንደሩም ትንሽ ከሆነ ስሙ ይሰወራል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ መፍቀዱ፥ ወላጅ መስማማቱ፥ ልጁም ራሱ እሺ ማለቱ መጠቀስ አለበት። በገጠር ወረቀት ላይ መፈረም ከመሬትና ከግብር ጋራ ሊያያዝ ስለሚችል፥ ኮሚቴው አስቀድሞ ከፈቀደ በምስክር ፊት የሚሰጥ የቃል ስምምነት ይበቃል፤ የተደረገውም በግልጥ ይጻፍ።

ስለ ጽሑፉ ቅርጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዚህ መስክ አብዛኞቹ መጽሔቶች የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበርን የአጻጻፍ ደንብ ይከተላሉ፤ ሰባተኛው እትም በ2019 ወጥቷል። ይኸው ማኅበር በ2018 በቍጥር ለሚሠሩትም፥ በትረካና በቃለ መጠይቅ ለሚሠሩትም ጥናቶች ምን ምን መገለጥ እንዳለበት አሳትሟል። ሁለተኛው ክፍል ለባሕል አጥኚዎች እጅግ ይጠቅማል። የርዝመቱንና የአኅጽሮቱን ልክ ከመጽሔቱ መመሪያ ማየት ነው። የደራሲው ስም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኛ ስም የራስና የአባት እንጂ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለበት፥ አንዱ መጽሔት በራስ ስም ሌላው በአባት ስም ያስገባዋል፤ ጸጋዬ የሚለውም ስም በላቲን ፊደል በአራት በአምስት ዓይነት ይጻፋል። አንዱን አጻጻፍ መርጦ ዕድሜ ልክ መያዝ፥ ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠውንም ኦርኪድ የተባለ የደራሲ መለያ ቍጥር ማውጣት ይበጃል።

ጽሑፉ የሚላከው በአንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ብቻ ነው። ገምጋሚው ደራሲውን እንዳያውቅ በሚደረግበት መጽሔት ስሙ፥ ምስጋናውና የዩኒቨርሲቲው ስም በሌላ ገጽ ይሆናሉ፤ «ቀደም ብዬ እንዳሳየሁት» የሚለውም አነጋገር ደራሲውን ስለሚያጋልጥ ይወጣል። በመሸኛው ደብዳቤ ጥናቱ ምን አዲስ ነገር እንደሚጨምር በጥቂት መስመር መንገር እንጂ መለማመጥ አይገባም። ገንዘብ ከተከፈለ በጥቂት ቀን ውስጥ እናትማለን እያሉ ደብዳቤ የሚበትኑ መጽሔቶች ወጣት አጥኚዎችን ያታልላሉ፤ የብዙ ዓመት ድካም በዚያ ቢታተም የሚያነበው ሊቅ አይገኝም።

የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሲደርስ «ታርሞ ይምጣ» የሚል ከሆነ መልካም ዜና ነው፤ ብዙዎች ግን እንደ እምቢታ ቈጥረው ይተዉታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ በተራ ቍጥር መልስ ይሰጣል፤ የታረመበት ገጽ ይጠቀሳል፤ የማይቀበሉትንም በአክብሮት ምክንያቱን ማስረዳት ይቻላል። ለምሳሌ ገምጋሚው «የልደት የምስክር ወረቀት ያላቸው ሕፃናት ብቻ ይቆጠሩ» ቢል፥ ደራሲው እንዲህ ቢደረግ የገጠሩ ልጆች አብዛኞቹ ከጥናቱ እንደሚወጡ ይግለጥ፤ ከዚያም የሁሉንም ዕድሜ አንድ ወር ከፍ፥ አንድ ወር ዝቅ አድርጎ እንደ ገና አስልቶ፥ ውጤቱ መለወጡን ወይም አለመለወጡን በሠንጠረዥ ከመልሱ ጋራ ይላክ።