ከማንጎ እስከ ጅብራ፦ የሰሜን ወሎ ተራሮችና የእግር ጉዞ

በሀብሩ ወረዳ ግራና ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ሰማዩን ከማየቱ በፊት ተራራውን ያያል። እግሩ ያለበት የቆቦ-ግራና ሸለቆ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሽላ የሚበቅልበት ሞቃት ምድር ነው። ከራሱ በላይ ያለው ደጋ ደግሞ ገብስ የሚዘራበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። ሁለቱን የሚለየው አግድም ርቀት ብዙ አይደለም፤ ሽቅብ ሲለካ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ሰሜን ወሎን በእግር ማየት የሚጣፍጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጓዡ ጥቂት ሰዓት በወጣ ቁጥር አዝመራው፣ አየሩና የቤቱ አሠራር ይለወጥበታል።

ተራራውን ያቆሙት ሁለት የተፈጥሮ ሥራዎች ናቸው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ ቅልጥ አለት እየተደራረበ ረግቶ የኢትዮጵያን ደጋ ሠራ። ኋላም ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት የምሥራቁ ወገን ወደ አፋር ዝቅ አለ፣ የምዕራቡ ከፍ ብሎ ቀረ። ከመርሳ እስከ ወልድያና ቆቦ የሚሄደው የአስፋልት መንገድ የዚህን ስብራት ግርጌ ይዞ ነው የሚጓዘው። ገደሉ ላይ እርከን እርከን ሆኖ የሚታየው ጥቁር ድንጋይም ያ የተደራረበ አለት ነው።

አየሩ በየመቶው ሜትር ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀዘቅዛል። አባቶች ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፋፈሉት ይህንኑ ነው። ነገሩን ከአውሮፓ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በስዊዘርላንድ የሚገኘው ዝነኛው የተራራ መንደር ዘርማት ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ መርሳም እንዲሁ። አንዱ ጋ በረዶ ይንሸራተቱበታል፣ ሌላው ጋ መንገድ ዳር ማንጎ ይሸጥበታል። ዘርማት ላይ ቱሪስቱ በባቡር 3,000 ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚያገኘው አለትና በረዶ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ከዚያ ብዙም ዝቅ በማይል ከፍታ ላይ ገበሬ ያርሳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። ከምድር ወገብ መቅረባችን ሰውን ከፍ አድርጎ አኑሮታል።

ስለዚህ የወሎ ተራራ ባለቤት አለው። ማንም እንግዳ የሰው ማሳ፣ የሰው ግጦሽ፣ የሰው ደጅ ሳይረግጥ አያልፍም። እዚህ የተራራ ቱሪዝም እንዲሠራ ከተፈለገ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ይህን በተግባር ያሳየው መቄት ላይ የተጀመረው “ተስፋ” የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርክ ቻፕማን በተባለ እንግሊዛዊ አነሳሽነትና በሴቭ ዘ ችልድረን ድጋፍ ሲጀመር መቄት የምትታወቀው በእርዳታ እህል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንደሩ በገደል አፋፍ ላይ በድንጋይና በሣር የአገሩን ጎጆ ለእንግዳ ይሠራል፣ ከመካከሉም ኮሚቴ ይመርጣል። ምግብ አብሳዩ፣ አልጋ አንጣፊው፣ አህያ ነጂው፣ መንገድ መሪው ሁሉ የመንደሩ ሰው ይሆናል፤ ገቢውም እዚያው ይቀራል። መቋት ማርያምና ዋጀላ ከቀደምቶቹ ማረፊያዎች ናቸው። አሠራሩ ኋላ ወደ ላስታ ተራሮችና ወደ ትግራይም ተሻግሯል።

የጉዞው ቀን ሥርዓት አለው። ከወልድያ በድልብ በኩል አቀበቱን ወጥቶ ጋሸና ሲደረስ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ ላሊበላ ይገባል፣ ወደ ምዕራብ የሚቀጥለው መቄትን አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦር ያመራል። ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ እንግዳው ባዶ እጁን፣ ቢበዛ ውኃና ነጠላ ይዞ ይሄዳል። ከአንዱ ማረፊያ ሌላው የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የገደሉን አፋፍ ይከተላል፤ ሜዳ በመሆኑ እግር አይደክምም፣ ዐይን ግን አያርፍም። በሰሜን በኩል ወደ ተከዜ የሚወርደው፣ በደቡብ በኩል ወደ አባይ የሚወርደው ውኃ የሚለያየው በዚህ አምባ ላይ ነው። በደቡብ ያለው የጅዳ ገደል አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማሻገር መንገድ ያስጠረጉበት ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ያ ሥራ ምን ያህል ጉልበት እንደጠየቀ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ማታ እሳት ዙሪያ የሚቀርበው እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎና ጠላ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢ መደረቡ አይቀርም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጭላዶች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ኑሮው ሣር በመጋጥ ነው፣ ጠብ ካልጫሩበትም ሰውን በቅርብ ያስጠጋል።

ከዚያም በላይ መውጣት የፈለገ ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይሄዳል። ጫፉ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። መጀመሪያ የገብሱ ማሳ ያልቃል፣ ከዚያ አስታው ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ጅብራ ለብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ይቆይና አንዴ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አውጥቶ ይሞታል። የአካባቢው ትልቁ ቅርስ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ጥቂቶቹ በእነዚህ ተራሮች ይኖራሉ። የሚበላው አይጥ ነው፤ የሚያሰጋው ደግሞ ሽቅብ የሚገፋው እርሻና ከመንደር ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ። ጓሳው ካልታረሰ ቀበሮው ይኖራል፤ ጓሳው እንዳይታረስ ግን ገበሬው ከጓሳው የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል። የእንግዳው ክፍያ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል።

አቀበቱ ለከበደው አሸተን ማርያም አለች፤ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጣባት ገዳም ናት። ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርድር የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከላሊበላ የደርሶ መልስ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ያለፉትን ዓመታት ያለ ጉዳት አላለፈም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። በ2013 መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፤ ወልድያ፣ መርሳ፣ ጋሸናና ላሊበላ ለወራት የውጊያ ቀጠና ሆኑ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለው የአማራ ክልል ግጭትም መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል። ስለዚህ ጉዞ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ደህንነት ከአገሩ ሰው ይጠይቅ።

መንገዱ ሲከፈት ምቹው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። በመስከረምና በጥቅምት ተራራው በአደይ አበባ ያሸበርቃል፤ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብርዱ ግን ይጠነክራል። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ናቸው። ከቆላ የመጣ ሰው በአንድ ቀን 4,000 ሜትር ልውጣ ቢል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያገኘዋል፤ መቄት ወይም ላሊበላ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር ይበጃል።

ግራናና አካባቢዋ እስካሁን በዚህ የእግር ጉዞ ካርታ ላይ የሉም፤ እንግዳው በመርሳ በኩል ፍራፍሬ ገዝቶ ያልፋል። ከመስኖ ማሳ ተነስቶ ደጋ ላይ የሚያድር የእግር መንገድ ግን መቄት እንኳ የሌላት ሀብት ነው፤ በአንድ ቀን ማንጎንና ገብስን የሚያሳይ። ለዚህ ሆቴል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጎጆ የሚሠራበት መሬት የማን እንደሚሆን፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ የመስተንግዶው ተራ በማን በማን እንደሚዞር መንደሩ ተሰብስቦ መወሰኑ ነው። የመቄት ገበሬዎች የጀመሩት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነበር፤ ግራናም ብትጀምር ከዚያው ነው።