የክብደት መቀነሻ ክበባት በእርግጥ ክብደት ይቀንሳሉ?

ጊዜው እ.አ.አ. 1961 ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በተባለው ክፍል ይኖሩ የነበሩት የቤት እመቤት ጂን ናይዲች ገበያ ወጥተው ሳለ ከአንዲት የሚያውቋቸው ሴት ጋር ተገናኙ። ሴትየዋ ውበታቸውን ካደነቁ በኋላ የሚወልዱት መቼ እንደሆነ ጠየቋቸው። ናይዲች ግን ነፍሰ ጡር አልነበሩም። ክብደታቸው 97 ኪሎ ግራም ገደማ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የከተማዋ ጤና መሥሪያ ቤት ለወፍራም ሰዎች በነጻ ወደሚሰጠው ክሊኒክ ሄዱ። በተሰጣቸው የአመጋገብ ዝርዝር መሠረት ክብደታቸው መቀነስ ጀመረ። አንድ ነገር ግን አስቸገራቸው፤ ሌሊት ሌሊት ተደብቀው ብስኩት መብላታቸውን ለክሊኒኩ ባለሙያ መናገር አሳፈራቸው። ስለዚህ የእርሳቸው ዓይነት ችግር ያለባቸውን ስድስት ወዳጆቻቸውን ቤታቸው ጠርተው ጉዳቸውን ዘረገፉ። ወዳጆቻቸውም የየራሳቸውን ምስጢር አወጡ። በየሳምንቱ ለመገናኘትም ተስማሙ።

ያ የሳሎን ስብሰባ እ.አ.አ. በ1963 ዌይት ዋቸርስ የተባለ ኩባንያ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ደርቢሻየር ስሊሚንግ ወርልድ ተመሠረተ። ዛሬ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በብሪታኒያና በሌሎችም አገሮች እጅግ ብዙ ሰዎች ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ክበባት በአንዱ አልፈዋል። ብዙዎቹም ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝግበዋል።

ጥያቄውም የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። ክበቡ የሚሠራ ከሆነ ሰዎች ተመልሰው የሚመዘገቡት ለምንድን ነው? የማይሠራ ከሆነስ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ወደዚያ የሚልኩት ለምንድን ነው?

ሚዛን፣ ነጥብ እና ጭብጨባ

የክበባቱ አሠራር በዝርዝሩ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። አባሉ በሳምንት አንድ ቀን ሚዛን ላይ ይወጣል። ውጤቱ ይመዘገባል። ከዚያ የሳምንቱ ውጣ ውረድ በቡድን ይወራል። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ በዚያው ክበብ ክብደት የቀነሰ የቀድሞ አባል እንጂ የሥነ ምግብ ሐኪም አይደለም።

ምግብን በተመለከተ እያንዳንዱን ካሎሪ ከመቁጠር ይልቅ ቀለል ያለ ስሌት ይቀርባል። ለምሳሌ ዌይት ዋቸርስ ለየምግቡ ነጥብ ይሰጣል፤ አባሉ በቀን ከተመደበለት ነጥብ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ስኳርና ስብ የበዛበት ምግብ ነጥቡ ከፍ ይላል። አትክልት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ፈጽሞ የተከለከለ ምግብ ስለሌለ ሰው ከወዳጅ ዘመድ ማዕድ ሳይለይ መቀጠል ይችላል።

ከዚህ ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ስለ አመጋገብ የሚነገረው ምክር በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኝ ነው። አባሉ የሚከፍለው ለእውቀቱ ሳይሆን በየሳምንቱ ለሚጠብቀው ሚዛንና ለሚጠይቀው ሰው ነው።

ጥናቶች ምን አገኙ?

የክበብ ማስታወቂያ ላይ ከሚታዩት የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ፎቶግራፎች ይልቅ የሚታመነው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የሚያወዳድር ጥናት ነው።

እ.አ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በብሪታኒያ የሚኖሩ 772 ሰዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ በሐኪማቸው የተለመደው ምክርና ክትትል ሲደረግላቸው ግማሾቹ ያለ ክፍያ ወደ ዌይት ዋቸርስ ተላኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሐኪም የታዩት በአማካይ 2.25 ኪሎ፣ ወደ ክበቡ የሄዱት ደግሞ 5.06 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። የጥናቱ ገንዘብ የተገኘው ከኩባንያው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሆኖም የሌሎች ጥናቶች ውጤትም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በዚያው ዓመት የወጣ፣ በበርሚንግሃም ከተማ በ740 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ዌይት ዋቸርስን፣ ስሊሚንግ ወርልድንና ሌሎች ፕሮግራሞችን በሕዝብ ጤና አገልግሎቱ ከሚሰጠው ድጋፍ ጋር አወዳድሯል። የንግድ ክበባቱ በሐኪም ቤትና በመድኃኒት ቤት ከተሰጠው የግል ምክር የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ ወጪያቸውም አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የብሪታኒያ ሐኪሞች አንዳንድ ሕመምተኞችን ለ12 ሳምንታት በነጻ ወደ ክበብ የሚልኩት በእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ መነሻነት ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ "አዎ" ነው። ክበባቱ ሰው ብቻውን ከሚታገል ወይም አንዴ ምክር ሰምቶ ከሚሄድ የበለጠ እንዲቀንስ ይረዳሉ። ነገር ግን ቅነሳው ማስታወቂያው ከሚያሳየው እጅግ ያነሰ ነው። 95 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ማለት የሱሪ መጠን በአንድ ቁጥር ቢቀየር ነው።

አማካይ ቁጥር ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። 15 ኪሎ የቀነሰውም፣ ምንም ያልቀነሰውም፣ የጨመረውም አንድ ላይ ይደመራሉ። በ2011ዱ የላንሴት ጥናት ወደ ክበብ ከተላኩት መካከል ዓመቱን የዘለቁት 61 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያም የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ

ዋናው ፈተና ያለው ከቀነሱ በኋላ ነው። በእንግሊዝ 1,267 ሰዎችን ያሳተፈና እ.አ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት ተሳታፊዎቹን በሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ አጭር ምክርና መጽሐፍ ተሰጣቸው። ሁለተኛዎቹ ለ12 ሳምንታት፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ወደ ክበብ ሄዱ።

በዓመቱ መጨረሻ መጽሐፍ የተሰጣቸው 3.26 ኪሎ፣ 12 ሳምንት የሄዱት 4.75 ኪሎ፣ ዓመቱን የቆዩት 6.76 ኪሎ ቀንሰው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዓመቱን የቆዩት እንኳ ቅነሳቸው ወደ 4.29 ኪሎ ዝቅ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲመዝኗቸው ከመነሻቸው ጋር ያለው ልዩነት 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን ማየት የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። ከቀነሱት አብዛኛው ተመልሷል። በሌላ በኩል ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ድጋፍ ከአምስት ዓመት በኋላም ጥቂት ፋይዳ ትቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ይወቅሳል። "ክበቡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ የደከምኩት" ይላል። ተመልሶ ሲመዘገብም ለዚያ ጥፋት ካሳ እንደሚከፍል ሆኖ ነው። ለኩባንያዎቹ ይህ ስሜት መጥፎ ገበያ አይደለም።

የሰውነት አሠራር ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። እ.አ.አ. በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በጥብቅ አመጋገብ ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ደም መርምረዋል። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ጨምሮ፣ የመጥገብ ስሜት የሚሰጡት ሆርሞኖች ደግሞ ቀንሰው ተገኙ። ይህ ለውጥ ቅነሳው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም አልጠፋም። የተሳታፊዎቹም የረሃብ ስሜት ከመጀመሪያው የበረታ ነበር። በዚህ ላይ ቀለል ያለ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ያነሰ በመሆኑ ሰውየው ቀድሞ የማያወፍረው ምግብ አሁን ያወፍረዋል።

ሰውነት የቀነሰውን ክብደት እንደ ድርቅ ቆጥሮ ሊመልሰው ይታገላል ማለት ነው። ስለዚህ ተመልሶ መጨመር የስንፍና ማስረጃ አይደለም። ውፍረትን ለመቆጣጠር የሚሰጥ ድጋፍ እንደ ደም ግፊት ክትትል ረጅም ጊዜ መቀጠል ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቂት ኪሎ ምን ይጠቅማል?

5 ኪሎ በመስታወት ፊት ትንሽ ቢመስልም ለደም ሥርና ለቆሽት ትንሽ አይደለም። እ.አ.አ. በ2002 ውጤቱ የታወቀ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር ሕመም የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን አሳትፏል። በንግድ ክበብ ሳይሆን በባለሙያ የቅርብ ክትትል አመጋገባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች የቀነሱት በአማካይ 5.6 ኪሎ ነበር። በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ግን በ58 ከመቶ ቀነሰ።

ስለዚህ ወደ ክበብ የሚገባው ሰው የሚፈልገው ነገር ውጤቱን ይወስነዋል። ለሠርግ ፎቶግራፍ የሚቀንስ ሰው ሊያዝን ይችላል። ሐኪሙ "ስኳርህ ድንበር ላይ ነው" ያለው ሰው ግን ያቺው 5 ኪሎ ብዙ ዓመት ልታተርፍለት ትችላለች።

የመርፌው ዘመን

የክበባቱ ገበያ በቅርብ ዓመታት ተናግቷል። ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት በአንድ ታዋቂ ጥናት በ68 ሳምንታት ውስጥ የተሳታፊዎቹን ክብደት በአማካይ በ15 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ ክበባት ከሚያስገኙት በእጅጉ ይበልጣል። ጄኒ ክሬግ የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ኩባንያ እ.አ.አ. በ2023 ተዘጋ። ዌይት ዋቸርስ በዚያው ዓመት መድኃኒቱን በኢንተርኔት የሚያዝዝ የሕክምና ድርጅት ቢገዛም በ2025 ከዕዳው ለመገላገል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የኩባንያው ባለድርሻና የቦርድ አባል የነበሩት ኦፕራ ዊንፍሪ ራሳቸው መድኃኒት እንደሚወስዱ በ2023 መጨረሻ ገልጸው በቀጣዩ ዓመት ቦርዱን ለቀዋል።

ይሁን እንጂ መርፌውም ከዚያው ሕግ አያመልጥም። መድኃኒቱን ያቋረጡ ተሳታፊዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ዋጋው፣ እንደ ማቅለሽለሽ ያሉት የጎንዮሽ ጉዳቶችና የሐኪም ክትትል አስፈላጊነትም የክበቡ ወንበር ሙሉ በሙሉ ባዶ እንዳይሆን አድርገዋል።

"ተመችቶሃል" ከሚባልበት አገር ለመጣ

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ሲደርሱ የስኳር ሕመም ብርቅ እንደነበረና በአዲሱ አኗኗር ዓመታት ሲቆጠሩ በእጅጉ እንደጨመረ አሳይተዋል። የብሪታኒያ የሕክምና መመሪያም የጥቁር አፍሪካውያን ዝርያ ላላቸው ሰዎች የውፍረት መለኪያውን ዝቅ አድርጎታል። ለሌላው 30 የሆነው የክብደትና የቁመት ምጣኔ ለእነርሱ 27.5 ነው፤ ምክንያቱም አደጋው ቀደም ብሎ ስለሚጀምር ነው።

የክበባቱ ነጥብ ግን የተሰላው በአብዛኛው ለየብቻ በሳህን ለሚበላ ሰው ነው። ከአንድ ትሪ በጋራ በሚበላበትና "በሞቴ" እየተባለ በሚጎረስበት ቤት ስንት ነጥብ እንደተበላ ማወቅ ቀላል አይደለም። መወፈር "ተመችቶሃል" ተብሎ በሚመረቅበት ማኅበረሰብም "ልቀንስ ነው" ማለት ለቤተሰብ ማስረዳት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በጎ ጎኑም አለ። የጾም ወራት ያስለመዱት የምስር፣ የሽሮና የጎመን ማዕድ፣ ዘይቱ ከተመጠነ፣ ክበባቱ ከሚመክሩት ብዙም የራቀ አይደለም።

ከመመዝገብ በፊት

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ክበቡ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚደርስ ዝግ ያለ ቅነሳ ነው ወይስ ተአምር የሚያወራው? ውጤቱ ከዓመት በኋላ ተጠንቷል? የራሱን ምግብ ወይም እንክብል እንዲገዙ ያስገድዳል? የታለመው ክብደት ከተደረሰ በኋላ ድጋፉ ይቀጥላል? በሐኪም በኩል በነጻ መላክስ ይቻላል?

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ይኖርበታል፤ ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠንም መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላልና። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ጤና ችግር የገጠማቸው ሰዎችም በየሳምንቱ ሚዛን ከሚያወጣ ክበብ በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ጂን ናይዲች እ.አ.አ. በ2015 በ91 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የቀነሱትን ክብደት መልሰው አለመጨመራቸው ይነገርላቸዋል። ሆኖም እርሳቸው ሥራቸውም፣ ወዳጆቻቸውም፣ ዝናቸውም በዚያው ስብሰባ ዙሪያ የነበረ ሰው ናቸው። ከክበቡ ወጥተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ጥናቶቹም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ክበቡ የሚረዳው ሰው እዚያ እስካለ ድረስ ነው፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ በምትኩ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።