ገመዱና ጨርቁ

በአምቦ የገበያ ቀን ሲደርስ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ እናት ጭንቋ አንድ ነው፤ ማን ይጠብቅልኝ? ታላላቆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ጎረቤትም «እኔ እሱን አልችለውም» ብላለች። የሚቀረው በር መቆለፍ፣ አለዚያም እግሩን ከምሰሶ ማሰር ነው። ገመዱን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከሥሩ የተጠቀለለ ጨርቅ ሊያገኝ ይችላል፤ ሥጋውን እንዳይቆርጠው እናቱ ያደረገችለት። ስለ ማሰር የሚወራው ሁሉ ከዚያ ጨርቅ ቢጀምር እወዳለሁ።

ማሰር በሁሉም ዘንድ አንድ ትርጉም የለውም። በጠበል ቦታ ሰንሰለት ከፈውሱ ጉዞ ጋር ተያይዞ ይታያል። ለብዙ ወላጅ ደግሞ ጥበቃ ነው፤ ከመኪና፣ ከወንዝ፣ ከእሳት። ሴት ልጅ ያላት እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከደፋሪም ትላለች። ኀፍረትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ካነጋገራቸው 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ሩብ ያህሉም ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ግን በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስለ ስኪዞፍሬንያ ሕሙማን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ ቤተሰብ ወደ ሰንሰለት ከሚሄድበት ምክንያት ሥር የሕክምና እጦት እንዳለ አሳይቷል። መድኃኒት ሲደርስ ሰንሰለቱ ሊፈታ ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታልም፣ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ላይ ያለው ማገገሚያም የቆሙት ለእንዲህ ያለው ሕመም ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ግን በሽታ አይደለም፤ የሚፈውሰው ክኒን የለም። ይህን ልጅ የሚፈታው ሰው ነው፤ መልበስን፣ መጸዳጃ መጠቀምን፣ የፈለገውን በምልክት ማሳየትን የሚያስተምረው፣ እናቱንም ለጥቂት ሰዓት የሚያሳርፋት። «ያስቸግራል» የተባለው ልጅ አንዳንዴ ጥርሱን አሞት መናገር ያቃተው ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ሰው በጉዳቱ ምክንያት ነፃነቱን እንዳይነፈግ ይላል። ሀብትም ብቻውን አያድንም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የቢቢሲ ስውር ካሜራ በእንግሊዝ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች በቆመው ዊንተርቦርን ቪው ሆስፒታል ሠራተኞች ነዋሪዎቹን ሲደበድቡና መሬት ላይ ሲጫኗቸው አሳይቷል። እዚያ የያዘው ደመወዝተኛ ነበር፤ እዚህ የምታስረው ብቻዋን የቀረች እናት ናት። ስለዚህ በእሷ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ልጁ ታስሮ መዋሉን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ቦታ ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ እነዚህ ልጆች በቪዲዮ የታገዘ ሥልጠና ተዘጋጅቷል። በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ቤት ለቤት ለሚዞሩት በአፋን ኦሮሞ ሊደርሳቸው ይገባል። ስለ ክትባት ጠይቀው ከመውጣታቸው በፊት «ጓዳ ውስጥስ ማን አለ?» ይበሉ፤ እናቲቱም እውነቱን ብትናገር የሚመጣላት እርዳታ እንጂ ወቀሳ አለመሆኑን አስቀድመው ይንገሯት።